የሐብቴ አራዊት ሲያልቁ

ጠጅቱን የሚያቅታት አግድም ቁልቁል እንቆቅልሽ የለም ብሎ የማለ ሰው፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሐላው አያስኮንነውም ነበር። ጭላዳን ባንድ እይታ፣ ከርከሮን ሻይዋ ሳይበርድ፣ ያን ማንም የማያስታውሰውን ጉንዳን በሊታ አዋልደጌሳን እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ አንድ እጇ ብረቱን እንደጨበጠ ነው የሞላችው። ይሄኛው ግን አምስት ቀን ሆነው። እስራኤል አገር፣ ቤኤር ቱቪያ ባለው ፋብሪካ የዕረፍት ክፍል ተቀምጣ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንደገና አነበበችው።

«ቁልቁል 4፦ ቅጠሉ ሳይመጣ አበባው ይመጣል። ነጭ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱ ከታየ ዝናብ ሩቅ አይደለም። ሦስት ፊደል።»

አደይ እንዳትል አደይ ቢጫ ናት፤ ያውም የምትመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። አምጃ የሚባለውም ቁጥቋጦ ቢጫ ነው። ጅብራ እንዳትል ጅብራ ብርድና ደጋ እንጂ አሸዋ አይወድም። እርሳሷን ነከሰች።

«ይሄ ሰው ምን ነካው?» አለች ለራሷ። «ሐብቴ የማላውቀውን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሐብቴ ማነው ለምትሉ፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ፣ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር የሥነ ሕይወት መምህር ነበረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ተማሪዎቹን ስሜን ተራራ ይዞ ወጥቶ ሲመለስ ያየውን አውሬና ዕፅ ሁሉ አረንጓዴ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከደብተሩም ካሬ እየሠራ ለጠጅቱ አግድም ቁልቁል ያዘጋጅላታል። ሌላው ወንድ ለወደዳት ሴት ሻርፕ ይገዛል፣ እሱ የዱር አውሬ ይሰጣል። የመጀመሪያው ላይ «አግድም 1፦ ገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ልቡን ደረቱ ላይ አውጥቶ የሚዞር» ይል ነበር። ጠጅቱ «ጭላዳ» ብላ ጻፈችና ቀና ስትል ሐብቴ እያያት ነበር። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አላየችም።

ከስምንት ዓመት በፊት የጠጅቱ ቤተሰብ ተራ ደረሰ። የሐብቴ አልደረሰም። እንዲያውም የእናቱ ዘር አልተጣራም ተብሎ ፋይሉ ጨርሶ አልተከፈተም። አባቷ አባ ሞሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያን ቀን የተናገሩት ቃል ቤታቸው ውስጥ ሕግ ሆኖ ቀረ። «ፋይል የሌለው ሰው ባል አይሆንም። እሱን ስትጠብቂ ፀጉርሽ ይሸብታል። በእኔ ቤት ስሙ እንዳይነሳ።» ስሙም አልተነሳ። ጠጅቱ ግን ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እየመለሰች ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላት። ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘነበወርቅና ከታናሽ እህቷ ከታሊ ጋር እየኖረች፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣውን አግድም ቁልቁል ትጠብቃለች።

መጀመሪያ በስልክ ነበር የሚልክላት። ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ውስጥ መስመሩ ሲቋረጥ ሐብቴ በወረቀት መጻፍ ጀመረ። ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር፣ ጌዴራ ከተማ እትዬ የሺዓለም ቤት ይደርሳል፤ የአገር ቤት ዕቃ የሚቀበሉትና የሚያድሉት፣ ጠጅቱ ሞልታ የምትመልሰውን ካሬና ደብዳቤም የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ቆየት ብሎ የእጅ ጽሕፈቱ ተለወጠ። «ታይፎይድ ቢጤ አሞኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እየነገርኩት ጓደኛዬ ይጽፍልኛል» ይል ነበር ደብዳቤው። ጠጅቱም የጓደኛውን ጽሕፈት ለመደችው፤ ክብ ክብ ያለ፣ የማይቸኩል ጽሕፈት ነው።

ከስድስት ወር ወዲህ ግን ሐብቴ ሌላ ሰው ሆነባት። ድሮ ቀልደኛ ነበር፤ አሁን ፍንጮቹ ዝግ አሉ። አንዱ ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «አግድም 9፦ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተደብቆ ይውላል። ፈሪ ይሉታል። የሚፈራው ግን እንዳይወጉት አይደለም፤ ሳያስበው ሰው እንዳይወጋ ነው።» ጃርት። ያን ቀን ጠጅቱ መውረጃዋን አልፋ ሄደች። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች። ያን ያህል ዘመን የወደደችውን ሰው እንደ አዲስ ወደደችው። አይገርማችሁም? እሷን ገርሟታል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለማንም አልነገረችውም። ሐብቴ አጠገቧ ያለ ይመስላታል። ካርቶን ስታሽግ ከጀርባዋ ቆሞ ፍንጭ የሚያነብላት ድምፅ ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማሽኑ ብቻ ነው። ጌዴራ ፌርማታ ላይ ረጅም ቀጭን ጀርባ አይታ ሮጣ ደርሳበታለች፤ ፊቱን ሲያዞር የማታውቀው ሰው ሆነ። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ከጎንደር ገና የመጣች ሴት የጠጅቱን ሁለት ጉንጭ ይዛ ስታለቅስ ቆየችና ምንም ሳትናገር ሄደች። ጠጅቱ ናፍቆት መሰላት። ቤት ውስጥም እናቷ፣ ያን ወረቀት ባወጣች ቁጥር፣ ከክፍሉ መውጣት ጀምረዋል። እነዚህን ነገሮች ለየብቻ ስታያቸው ምንም አይደሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ፀጉሯ ይቆማል።

መንበሩን ደግሞ መርሳት የለብኝም። መንበሩ የእትዬ የሺዓለም የእህት ልጅ ነው፤ ከጎንደር ከመጣ ስምንት ወር ሆኖታል። ጌዴራ እሳቸው ዘንድ ያድራል፣ ያቭኔ መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ያጠጣል፣ አሸዋ ይጠርጋል። ጠጅቱ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ሐብቴ የሚባል መምህር ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። «ጎንደር ሰፊ ነው» አለና ውኃ ሊጠጣ ወጣ፤ እሷ እስክትሄድ ድረስም አልተመለሰም። ኩራተኛ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ያያታል፣ ስታየው አንገቱን ይደፋል። ባለፈው ወር የሽሮ ጆንያዋን ተሸክሞ ፌርማታ ድረስ ሸኛት። አውቶቡሱ እስኪመጣም አብሯት ቆመ። በሩ ሲከፈት ነው፣ «ማታ መንገድ ላይ ቀበሮ ብታዪ አትደንግጪ፤ የዚህ አገር ቀበሮ ሰው ለምዷል፣ ሰላም ካላልሽው ይቀየማል» ያለው። ጠጅቱ እስከ ቂርያት ማላኪ እየሳቀች ሄደች። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ሐብቴ ትዝ አላትና በሳቋ አፈረች።

እንግዲህ በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከፈረቃ ወጥታ ቤቷ ገባች። ታሊ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከአገር ስትወጣ ዘጠኝ ነበረች፣ አማርኛዋም እዚያው ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ቀርቷል።

«ጠጅ፣ ማ ዜ፣ ምንድነው? አሁንም ያ ታሽቤጽ፣ ያ እንቆቅልሽ?»

«ምን አገባሽ።»

«ቤሰደር፣ እሺ፣ አንብቢልኝ። ምን አለበት?»

ጠጅቱ ደክሟት ነበርና አነበበችላት። ጠጅቱ አንብባ ሳትጨርስ ታሊ ተነስታ ተቀመጠች።

«ሐፃቭ ነዋ! ኪታ ጊሜል፣ ሦስተኛ ክፍል፣ እያለን መምህሯ ያቭኔ አሸዋው ላይ ወስዳ አሳይታናለች። እዚህ ክረምቱ ሊገባ ሲል ይወጣል። ይሄን እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።»

«ጎንደር የለም?»

«እኔ ጎንደርን የት አውቄ። ጎንደር የባሕር አሸዋ አለ እንዴ?» ታሊ ስልኳን አዙራ ፎቶውን አሳየቻት። ቅጠል የሌለው፣ ነጭ፣ እንደ ሻማ ቀጥ ያለ አበባ፣ ከታች ደረቅ አሸዋ።

ሐ፣ ፃ፣ ቭ። ሦስቱ ካሬ ውስጥ ልክ ገባ።

ጠጅቱ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። የሐብቴ ወረቀት ሁልጊዜ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ይሄኛው ምንም አይሸትም። ገልብጣ አራገፈችው። ከእጥፋቱ መሐል ጥቂት የአሸዋ ፍሬ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ጎንደር ያለ ሰው ይሄን አበባ አያውቀውም። እዚህ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ሐብቴ መጥቷል። ጌዴራ ፌርማታ ላይ የፈለገችው በከንቱ አልነበረም። ያ ከኋላዋ የምትሰማው ድምፅ እብደት አልነበረም። ፋይሉ ተከፍቶለት መጥቶ፣ ቤተሰቧን ፈርቶ፣ ሥራ እስኪይዝ ተደብቆ ይሆናል፤ እሱ እንደሆነ ኩሩ ነው፣ ባዶ እጁን ደጃቸው አይቆምም። ይሄን ሁሉ ያሰበችው ጫማዋን እየቀየረች ነው። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። ዚፑን ታሊ ናት የዘጋችላት።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «የት ነሽ ልጄ፣ በዚህ ፀሐይ?»

«ጌዴራ።»

እናቷ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ቀሚሱን አዩ፣ ፊቷን አዩ። «ቶሎ ነይ» ብቻ አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሳቸው አይመስልም ነበር። ጠጅቱ በደስታዋ መሐል ሰምታ አልፋዋለች።

እትዬ የሺዓለም በረንዳቸው ላይ በርበሬ እያካፈሉ በየላስቲኩ ይሞላሉ። ጠጅቱ ሰላም እንኳ ሳትል፣ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ፣ የት ደበቃችሁት?»

«ማንን ልጄ?»

«ሐብቴን። አልቆጣም፣ እውነቴን ነው፤ ለእማዬም አልናገርም። ብቻ አንድ ጊዜ ልየው።»

የእትዬ የሺዓለም እጅ በርበሬው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቀና ብለው ሲያይዋት ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ። ውኃ ላምጣልሽ።»

«ውኃ አልፈልግም። ልየው ነው የምለው።»

«እንግዲያው ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ነገ ገና ሳይነጋ፣ እኔና ሁለት ሽማግሌ ሆነን እናትሽ ቤት እንመጣለን።»

ሽማግሌ ለጋብቻም ይመጣል፤ ይሄን ጠጅቱም ታውቃለች። ግን ለጋብቻ የሚመጣ ሰው ገና ሳይነጋ አይልም። ገና ሳይነጋ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለአንድ ነገር ነው፤ ለመርዶ። ጎንደር ያደገ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

«ማን ሞቶ?» አለች ጠጅቱ። የጠየቀችው እሷ መሆኗን የሰማችው ድምፁ ከወጣ በኋላ ነው።

«ብቻሽን አይነገርም። ነውር ነው።» እትዬ የሺዓለም እንባቸውን በርበሬ በነካው እጃቸው መጥረግ ስላልቻሉ በክንዳቸው አበሱት።

ጠጅቱ ወደ ውስጥ ዘልቃ ገባች፤ ምን እንደምትፈልግ አታውቅም። ሳሎኑ ጥግ የመንበሩ ፍራሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከፍራሹ አጠገብ፣ ወንበር ላይ፣ አረንጓዴ ደብተር አለ። ጠርዙ የተላጠ፣ ሽፋኑ ላይ በቀለም ጭላዳ የተሣለበት፤ ጭላዳውን የሣለችው ራሷ ናት። ከደብተሩ ሥር ደግሞ ግማሽ የተሠራ ካሬ። ክብ ክብ ያለ፣ የማይቸኩል ጽሕፈት።

ደብተሩን አንስታ ወጣች። እትዬ የሺዓለም ከኋላዋ ስሟን ሲጠሩ ሰማች፤ አልዞረችም። መንበሩ ወደሚሠራበት ወደ ያቭኔ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ምንም አላሰበችም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትል ነበር፤ አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም።

ያቭኔ ከመናፈሻው አጥር ወዲያ አሸዋው ይጀምራል። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። አሸዋው ላይ እዚህም እዚያም፣ ቅጠል የሌላቸው ነጫጭ አበቦች ቆመዋል፤ ታሊ እንዳሳየቻት። መንበሩ የውኃ ጎማ እየጠቀለለ ነበር። መጀመሪያ ሰማያዊውን ቀሚስ አየ፣ ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን ደብተር። ጎማውን ለቀቀው።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ሐብቴ።»

«መቼ?»

«ጠጅቱ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ነው የምሰማው። መቼ ነው የሰጠህ?»

«ኅዳር ላይ» አለ መንበሩ። «አሥር ወር ሆነው። ታይፎይድ ነው ያለሽ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው፤ ኩላሊቱ ነበር። የሚነግረኝ እሱ፣ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበርኩ።»

ኅዳር። አባቷ አባ ሞሼ የሞቱት ኅዳር ነው። እሷ ወለል ላይ ተቀምጣ ለአባቷ ስታለቅስ፣ እዚያ ማዶ ሐብቴ እየሞተ ነበር ማለት ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«በየት በኩል ልንገርሽ? አባትሽ ባረፉ በሳምንቱ ነው። ሐዘን ላይ ሐዘን እንዴት ልጨምር? እዚህ ስመጣ በአካል እነግራታለሁ አልኩ፤ ስመጣ አንቺ ታመሽ ሆስፒታል ተኝተሻል። ዳንሽ፣ ፔሳሕ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ አይነገርም አሉኝ። ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄድኩ። ‹ለማን ነው የምናረዳው? እህቱ ናት?› አይደለችም። ‹ሚስቱ ናት?› አይደለችም። ‹ታዲያ ምኑ ናት?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ሁሉም ሰምቷል፣ የሚነግርሽ ግን ጠፋ።»

ያቺ ሠርግ ላይ ጉንጯን የያዘቻት ሴት። እናቷ ከክፍሉ እየወጡ። አገሩ ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ እርሳስ ይዛ ትስቅ ነበር።

«ደብዳቤውስ?»

«እሱ ነው ያዘዘኝ። ‹ለአባቷ አልቅሳ እስኪወጣላት አታቋርጥባት› ብሎኛል። አርባ ቀን ያህል ብዬ ጀመርኩ። ከደብተሩ እየቀዳሁ ላክሁ፤ አክስቴም አገር ቤት አገር ቤት እንዲሸት በርበሬ ውስጥ ይቀብሩታል። ከዚያ የሐብቴ አራዊት አለቁብኝ። አሥራ ዘጠኝ ላክሁልሽ። ሰባቱ የሱ ናቸው፣ አሥራ ሁለቱ የኔ። የመጨረሻውን ለአክስቴ ሳልሰጥ ከዚሁ አጥፌ ዕቃሽ ውስጥ ከተትኩት፤ በርበሬ አልነካውም።»

«እኔ የጻፍኩለትስ?»

«ካሬዎቹን አይቻለሁ፤ ትክክል መሆኑን ላይ። የታሸገውን ደብዳቤ አልከፈትኩም። አንዱንም። ሣጥን ውስጥ ነው።»

ጠጅቱ ልትጠይቀው የማትፈልገው ጥያቄ ነበራት። ጠየቀችው።

«የሱ የመጨረሻው የቱ ነው? ራሱ የነገረህ።»

«ጅብራው።»

አስታወሰችው። «ቁልቁል 2፦ ዓመታት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዕድሜውን በሙሉ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» ሽንኩርት እያቁላላች፣ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ በሁለት ደቂቃ ነበር የሞላችው። በፍጥነቷ ደስ ብሏት ነበር። ሐብቴ ሲሰናበታት ጅብራ ብላ ጽፋ ወጧን አማሰለች። አሁን ያቺን ሁለት ደቂቃ ለመመለስ የቀረ ዕድሜዋን ብትጠየቅ ትሰጥ ነበር።

«ጃርቱስ?» አለች ቀስ ብላ።

መንበሩ አንገቱን ደፋ።

«ጃርቱስ የማን ነው? ቀና ብለህ ንገረኝ።»

«የኔ ነው።»

ያኔ ነው የጮኸችው። «የሙት ልብስ ለብሰህ መጣህብኝ! በሱ ስም አሳቅኸኝ፣ በሱ ስም አስለቀስከኝ። አውቶቡስ ውስጥ ያለቀስኩት ለማን ነበር? እንደ አዲስ የወደድኩት ማንን ነው? ንገረኛ። የሞተውን ነው ወይስ አንተን?»

«አላውቅም» አለ መንበሩ። «ሌባ ነኝ፣ ምን እላለሁ። መጀመሪያ እሱን መስዬ ነበር የምጽፈው። እያደር አልቻልኩም፤ የራሴ ቃል እየወጣ አስቸገረኝ። ፌርማታው ላይ ስትስቂ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሐፃቩን የጻፍኩት ባለማወቅ አይደለም። እንድትደርሺብኝ ነው። በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው።»

ነፋስ መጣና አበቦቹን ወዘወዛቸው። ጠጅቱ ልትመታው ትችል ነበር፣ ደብተሩን ይዛ መሄድም ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። አንድ ነገር ጎድሏት ነበር፤ ምን እንደሆነ ገባት።

«አርዳኝ» አለችው።

«ምን?»

«ይሄ አሁን የነገርከኝ ወሬ ነው፤ መርዶ አይደለም። ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። እንደ ወጉ ይነገረኝ። ምኑ ናት ሲሉህ መልስ አጣሁ አላልክም? አሁን መልስ። እንደ ሚስት አርዳኝ።»

መንበሩ አንድ ጊዜ አያት። ከዚያ ሄዶ ቧንቧውን ከፈተና እጁንና ፊቱን ታጠበ። የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ ዘመድ፣ ፊቷ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጠጅቱ፣ የአባ ሞሼ ልጅ» አለ። «ባልሽ ሐብቴ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ባልሽ። በሕይወት እያለ ማንም እንዲህ ብሎላት አያውቅም። ጠጅቱ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ሰማያዊው ቀሚስ ዙሪያዋን ተዘረጋ። ስሙን ጠርታ ጮኸች። ውሻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ቆመው አዩ፣ አላፈረችም። ፊቱን፣ ቁመቱን፣ አፉን በእጁ የሚሸፍንበትን ሳቅ እየጠራች አለቀሰችለት። መንበሩ አልነካትም። ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀምጦ እሱም አለቀሰ፤ ለካ እሱንም በዚህ አገር ወዳጅህ ሞቷል ያለው ሰው አልነበረም። ከአሥር ወር በኋላ ሐብቴ ሁለት አልቃሽ አገኘ። ጠጅቱ በለቅሶዋ መሐል ይሄ ደረቷን ትንሽ ቀለል እንዳደረገላት ተሰማት፤ ስለቀለላትም ደግሞ አለቀሰች።

ወደ ቂርያት ማላኪ ስትመለስ መንበሩ በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረ። አልከለከለችውም፣ አልጠራችውምም። ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ደብተሩን አቅፋ መስኮቱን ስታይ መጣች። የለመደችውን ድምፅ ከጀርባዋ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሐብቴ ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ ከሁሉም በላይ አስፈራት።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ደጁ ላይ ጫማ ተደርድሯል። እትዬ የሺዓለም ቀድመዋት ደርሰዋል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሽ ወለል ላይ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ እናቷ፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ታሊ ስልኳን አስቀምጣ፣ ዐይኗ ቀልቶ፣ ጥግ ይዛለች።

«እማዬ» አለች ጠጅቱ።

«ከወር በፊት ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ እናቷ። «በየቀኑ ልነግርሽ እነሳለሁ። ምን ብዬ? ባልሽ እንዳልል አባትሽ ከልክለው ሞቱ። የሩቅ ሰው ሞተ ብዬ እንዳላረዳሽ፣ ያን ወረቀት ስታዪ ፊትሽን አየዋለሁ። ይቅር በይኝ።»

ጠጅቱ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጎረቤት እየሰማ መምጣት ጀመረ። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው «ዘነበወርቅ፣ ምን ሆናችሁ? ማን ሞተባችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ልጃቸውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባላቸውን ፎቶ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «አማቼ» አሉ። «አማቼ ሞቶብኝ።»

ጠጅቱ ፊቷን እናቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። መጣ፤ ሰውየው ግን የለም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ታሊ ወደ ደጅ አንገቷን አስግጋ አየች። «ጠጅ» አለች በሹክሹክታ። «ደረጃው ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ቆየ እኮ። አይገባም፣ አይሄድም። ማነው?»

የሁሉም ዐይን ወደ ጠጅቱ ዞረ። እትዬ የሺዓለም መሬት መሬት አዩ። ጠጅቱ በተከፈተው በር በኩል አየችው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል፣ ጫማው አሸዋ ነው፣ አንገቱን እንደለመደው ደፍቷል። ውሸታም ነው ብትል እውነቷን ነው። ንዴቷ ገና አልበረደም፣ ነገም የሚበርድ አይመስላትም። ደግሞም፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ሳይገባ እንዳይሄድ ፈራች።

«ለቅሶ ደራሽ ነው» አለች። «የባሌ ወዳጅ ነው። ግባ በይው።»